ከሜዳ የመጣን የ5 ወር ቡችላ ከከተማ ጋር ማላመድ፦ የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ተወልዶ ከእናቱ ጋር ሜዳ ላይ ያደገ፣ ዕድሜው 5 ወር ገደማ የሆነ ወንድ ቡችላ ከ3 ሳምንት በፊት ወደ ቤታቸው አምጥተዋል። ቡችላው ቤት ውስጥ ከእርሳቸውና ከ8 ዓመት ልጃቸው ጋር በደንብ ተግባብቷል። ከበር ሲወጣ ግን ደረጃው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ የባጃጅ ድምፅ ሲሰማ ከአንገት ማሰሪያው ሾልኮ ለማምለጥ ይታገላል፣ ሰው አጠገቡ ጎንበስ ሲል ደግሞ ሽንቱ ያመልጠዋል። ጎረቤቶቻቸው «መገናኛ ወስደሽ ሰው መሃል አውዪው፣ በአንድ ቀን ይለምዳል» እያሉ ይመክሯቸዋል። ጠያቂዋ ማወቅ የፈለጉት ጊዜው አልፎበት እንደሆነና፣ ካላለፈበትም ከምን መጀመር እንዳለባቸው ነው።

የጎረቤቶችዎን ምክር እባክዎ አይቀበሉት። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ቡችላ ዓለምን ስለሚለምድበት ዕድሜ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ድረስ፣ የሚያየውንና የሚሰማውን አዲስ ነገር ከፍርሃት ይልቅ በጉጉት ይቀበላል። በዚህ ጊዜ የለመደውን ሰው፣ እንስሳ ወይም ድምፅ በኋላም በቀላሉ አይፈራውም፤ ከዚያ ወዲያ የሚገጥመውን እንግዳ ነገር ግን አስቀድሞ ይጠረጥራል። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመና አሜሪካ ውስጥ በሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ በተካሄደ ጥናት፣ ቡችላዎች በአጥር በተከለለ ሜዳ ሰው ሳይቀርባቸው አድገው በተለያየ ዕድሜ ከሰው ጋር እንዲገናኙ ተደርጎ ነበር፤ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ሳያውቁ የቆዩት እንደ ዱር እንስሳ ሲሸሹ ታይተዋል።

የእርስዎ ቡችላ ግን ከእነዚያ ወገን አይደለም። በ3 ሳምንት ውስጥ ከእርስዎና ከልጅዎ ጋር መግባባቱ ገና ትንሽ ሳለ ሰው ያውቅ እንደነበር፣ ምናልባትም የመጋዘኑ ጥበቃ ፍርፋሪ ይጥልለት እንደነበር ያመለክታል። ያልለመደው ከተማውን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ መርካቶ ውስጥ አስፋልት ዳር የተወለደ የጎዳና ቡችላ መኪናን፣ ሊስትሮንና የሰውን ግፊያ ገና ዓይኑን ከመክፈቱ ይለምዳል፣ በቆርቆሮ አጥር ተከልሎ በሰንሰለት ያደገ «የቤት» ቡችላ ግን ብዙ ጊዜ ከጎዳናው የባሰ ፈሪ ሆኖ ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ ቡችላው «የጎዳና ነው» ወይም «የቤት ነው» ከማለት ይልቅ በነዚያ የመጀመሪያ 14 ሳምንታት ምን አይቶ ምን ሳያይ እንደቀረ መጠየቅ ይጠቅማል። በእርስዎ ሁኔታ መልሱ ግልጽ ነው፤ ሣር፣ እናቱንና ጥቂት ሰዎችን አይቷል፤ ደረጃ፣ ሞተርና ብዛት ያለው ሰው አላየም።

የተፈጥሮው የመላመጃ ጊዜ አልፏል ማለት መማሩ ቀርቷል ማለት አይደለም። የሚለወጠው አሠራሩ ነው። የ2 ወር ቡችላ ብዙ ነገር ማየቱ ብቻውን ይጠቅመዋል፤ የ5 ወር ቡችላ ግን አንድ ክፉ አጋጣሚ የሳምንታት ልፋትን ሊያፈርስበት ስለሚችል፣ ከሚያየው ነገር ብዛት ይልቅ ሲያይ የሚሰማው ስሜት ይበልጣል። ጥቂት ነገር፣ ከሚችለው ርቀት፣ መልካም ነገር እየተከተለው ይይ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

አስቀድሞ ግን የጤናው ጉዳይ መስመር መያዝ አለበት። ታሪኩ የማይታወቅ ቡችላ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላም ይደገማል። ዲስተምፐርና ፓርቮ የተባሉትን የውሻ በሽታዎች የሚከላከለው ጥምር ክትባት በዚህ ዕድሜ ለጀመረ ቡችላ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት 2 ጊዜ ይሰጣል። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት ስለሚቆይ፣ ሁለተኛው ክትባት ተሰጥቶ አንድ ሁለት ሳምንት እስኪያልፍ ድረስ ቡችላውን ከቆሻሻ ገንዳ፣ ከልኳንዳ ቤት ደጃፍና የጎዳና ውሾች ከሚያድሩበት ቦታ ሁሉ ያርቁት፤ እስከዚያው በረንዳ ላይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ሆኖ ከተማውን ማየት ይችላል።

በዚሁ ላይ አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን በስፋት ያለ በሽታ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ በውሻ ሰውነት ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከ3 ሳምንት በፊት የመጣ ቡችላ ዛሬ ጤነኛ መምሰሉና ዛሬ መከተቡ ከዚህ በፊት አልተነከሰም ለማለት አያስችልም። ስለዚህ ቡችላው ልጅዎን ወይም ሌላ ሰው ቢነክስ፣ በጥርሱ ቢቧጥጥ ወይም ቁስል ቢልስ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። «ቡችላ ነው፣ ለጨዋታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የፈሪ ቡችላ ጠባይ መነሻው ይታወቃል፤ ባጃጅ ሲመጣ ይሸሻል፣ ባጃጁ ሲሄድ ይረጋጋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ድምፁ የተቀየረ ውሻ ካዩ ግን ጉዳዩ የማላመድ አይደለም፤ ሳይነኩት ለብቻው ዘግተውበት ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ።

አሁን ወደ «በአንድ ቀን ይለምዳል» ልምጣ። በፍርሃት የተዋጠ ቡችላ የመገናኛ ግፊያ መሃል ሲቆም ከሁለት አንዱ ይደርስበታል። ወይ ከማሰሪያው አምልጦ መኪና መሃል ይገባል፤ ወይም ማምለጫ ሲያጣ ደርቆ ይቆማል። ሰዎች «ይኸው ለመደ» የሚሉት ይህንን ሁለተኛውን አይተው ነው። ቡችላው ግን አልለመደም፤ መሸሽ እንደማይጠቅመው ብቻ ነው የተማረው፣ በሚቀጥለው ጊዜም ገና ከቤት ሲወጣ ይንቀጠቀጣል። ልዩነቱን ለመለየት አካሉን ይመልከቱ። የሚበላ ነገር ሳይኖር አፉን ደጋግሞ መላስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ማዛጋት፣ ጆሮን ወደ ኋላ ማጣበቅ፣ ጅራትን ሆድ ሥር መሸጎጥ፣ የዓይኑ ነጭ እስኪታይ ድረስ ማፍጠጥ ሁሉም «በዛብኝ» የሚልባቸው መንገዶች ናቸው። ከሁሉ የሚቀለው መለኪያ ግን ምግብ ነው፤ ቤት ውስጥ ተስገብግቦ የሚበላውን ጉበት ውጭ ሲሰጡት ካልነካው፣ የቆማችሁበት ቦታ ለሚፈራው ነገር እጅግ ቀርቧል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያዎ ርቀት ነው። ለባጃጁ ፍርሃት እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከግቢው በር ወደ ውስጥ 40 ሜትር ያህል ርቀው ይቀመጡ። ባጃጅ ሲያልፍ ቡችላው ጆሮውን አቁሞ ያይና ወደ እርስዎ ይዞራል እንጂ አይሸሽም ከሆነ ርቀቱ ልክ ነው። ባጃጁ ከታየ ወይም ከተሰማ በኋላ ወዲያው በጣት ጫፍ የምትያዝ ቁራሽ ጉበት ይስጡት፤ ባጃጁ ሲጠፋ ምግቡም ይቁም። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛነፍ አደራ፤ ምግቡ ቀድሞ ከመጣ ቡችላው ጉበቱን የባጃጅ መምጫ ምልክት ያደርገውና ጉበቱን ራሱን መፍራት ይጀምራል። 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ወደ ቤት። ባጃጅ በሰማ ቁጥር እርስዎን ፈልጎ ቀና ማለት ሲጀምር፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጥቂት እርምጃ ወደ በሩ ይጠጉ። አንድ ቀን ተጠግታችሁ ቢበዛበት በማግስቱ ወደ ኋላ መመለስ ነውር የለውም። በጣም ከደነገጠ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ጨርሶ ባያወጡት ይሻላል፤ ቡችላ ከቀኑ አብዛኛውን የሚተኛ ፍጥረት ስለሆነ እንቅልፍ ያጣ ቡችላ ምንም አይማርም።

ስለ ጉበቱም ትንሽ ልበል። ጉበትም ሆነ ለውሻ የሚሸጠው ሳንባ የግድ ተቀቅሎ መሰጠት አለበት። የትል እጭ ያለበት የውሃ ከረጢት የያዘ ጥሬ የሆድ ዕቃ የበላ ውሻ የሚይዘው የትል ዓይነት በሰገራው በኩል ወደ ልጅዎ ሊተላለፍና በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ በዓል ሲደርስ በግ በየብሎኩ በሚታረድበት ግቢ ይህን መቆጣጠር የሚቻለው ቡችላውን በማሰርና በሐኪም ምክር የትል መድኃኒት በየጊዜው በመስጠት ነው። የወጥ ትራፊ ደግሞ ይቅር፤ ወጣችን በሽንኩርት የተሠራ ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል። በዐቢይ ጾም ልኳንዳ ሲዘጋ ጥሩ ምትክ የሚሆነው ቀድሞ ተቀቅሎና ተከትፎ በፍሪጅ የተቀመጠ ሳንባ ነው፣ ጾመኛ ቤት ውስጥ ለብቻው ዕቃ ተለይቶለት።

ማሰሪያውን በተመለከተ፣ ከአንገቱ እንደሚሾልክ ስለጻፉ፣ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ያድርጉለትና ገመዱን ከደረቱም ከአንገቱም ጋር ያያይዙት። በገበያ ልኩን ካጡ ቆዳ ሰፊ ይሠራልዎታል። ያመለጠ ፈሪ ቡችላ ስሙ ሲጠራ አይመለስም፣ ስለዚህ በዚህ ላይ አይቆጥቡ።

ሰው ጎንበስ ሲል ሽንቱ የሚያመልጠው ነገር ከጥያቄዎ ሁሉ በላይ ትኩረቴን ስቧል። በአገራችን ውሻ ለማባረር ድንጋይ መወርወር እንኳ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ማለት ይበቃል። ሜዳ ላይ ያደገ ቡችላ እናቱ የጎነበሰ ሰው ባየች ቁጥር ስትሮጥ አይቶ አብሯት ሮጧል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሰው ጫማውን ለማሰር፣ የወደቀ ሳንቲም ለማንሳት፣ ፌስታል ለመያዝ ቀኑን ሙሉ ሲጎነበስ ይውላል። እርስዎ ራስዎ ማሰሪያውን ሊያደርጉለት ሲያጎነብሱ እንኳ ለእርሱ ያው እንቅስቃሴ ነው። ሽንቱ ማምለጡ እልህ ወይም ብልግና አይደለም፤ «አትጉዳኝ» የሚልበት መንገድ ስለሆነ ቢቆጡት ይብስበታል፤ ዝም ብለው ይጥረጉት።

ማስተካከያው ቤት ውስጥ ይጀምራል። ቡችላው ከፊትዎ ጥቂት ሜትር ርቆ ሲቆም፣ ጎን ሰጥተውት፣ ዓይኑን ሳያዩ፣ እጅዎን ወደ ጉልበትዎ ብቻ ዝቅ ያድርጉና ቁራሽ ጉበት ወለሉ ላይ ጥለው ቀና ይበሉ። ካልሸሸ በሚቀጥለው ጊዜ እጅዎ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውረድ፣ ከዚያም ወለሉን ይንካ። ሲጎነበሱ ምግብ መሬት ላይ እንደሚገኝ ሲገባው፣ እርስዎ ዝቅ ባሉ ቁጥር ከመሸሽ ይልቅ እጅዎ ወደ ነካው ቦታ አፍንጫውን ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ልጅዎ፣ ቀጥሎ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከዚያም ፈቃደኛ ከሆኑ የግቢው ጥበቃ ያንኑ ያድርጉ። በመጨረሻ ውጭ፣ ከሩቅ፣ ጫማ የሚያስር ሰው ሲያይ ምግቡን ከእርስዎ ያገኛል። በዱላና በጃንጥላ ላይም አሠራሩ ይኸው ነው። ለዚህ አንድ እንቅስቃሴ ሳምንታት ቢሰጡ አይቆጭዎትም፤ በከተማችን የውሻን ኑሮ ከሚያከብዱ ነገሮች አንዱ ይህ ነውና።

እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ «ና፣ እጅህን አስሸትተው» የሚለውን ልማድ ይተዉት። እጅ ወደ ፈሪ ቡችላ አፍንጫ መዘርጋት ማስጨነቅ ነው። እንግዳው ይቀመጥ፣ ቡችላውን እንዳላየ ይሁን፣ በየመሃሉ ቁራሽ ምግብ ከቡችላው ኋላ ይጣልለት፤ ለመብላት ወደ ኋላ እየሄደ፣ በራሱ ፈቃድ ተመልሶ መምጣትን ይማራል። የልጅዎ ጓደኞች አንድ በአንድ ይምጡ። ለልጅዎ የሚነገረው ሕግ አጭር ነው፤ የሚበላን፣ የተኛንና አልጋ ሥር የገባን ቡችላ ማንም አይነካውም፣ ማንም አያቅፈውም። ስታጎርስ የኖረች አያት ቤት ውስጥ ካለች ሕጉን ለእርሷ ማስረዳት ይከብዳል፣ ቢሆንም ይሞክሩ።

ደረጃውን በመጨረሻው እርከን ይጀምሩት፤ ተሸክመው ምድር ቤት ካወረዱት በኋላ ከታች ሁለት እርከን ብቻ ወጥቶ ይውረድ፣ ከዚያ ይጨመርለት። ደረጃ ላይ ጎረቤት ሲመጣ ቡችላውን በግድግዳው በኩል ይዘው ቆመው ሰውየውን ያሳልፉ። ለሙስሊም ጎረቤቶችዎ የውሻ ምራቅ የሶላት ንጽሕና ጉዳይ ስለሆነ ይህ ከጨዋነትም ይቆጠራል፤ ለቡችላውም ሰው ሳይነካው እንደሚያልፍ ያስተምረዋል።

የጎዳና ውሾች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቡችላዎን ከእነርሱ ጋር «ይተዋወቅ» ብለው አይልቀቁት፤ የታሰረ ቡችላ መሸሽ ስለማይችል ጠብ ይነሳል፣ የበሽታውም ነገር አለ። መንጋ ሲቀርባችሁ ጎንበስ ማለት እንደሚያባርራቸው ያውቃሉ፤ ነገር ግን ከላይ የለፉበትን ትምህርት በራስዎ እጅ እንዳያበላሹ፣ በጃንጥላ ከፊታችሁ መከለል ወይም እፍኝ ምግብ ወደ እነርሱ በትኖ በሌላ አቅጣጫ መሄድ ይሻላል። ቡችላው የውሻ ጓደኛ ያስፈልገዋል፣ ግን የተከተበ፣ ዕድሜው የገፋና ረጋ ያለ የወዳጅ ውሻ ይሁን። እንዲህ ያለ ውሻ ባጃጅን ከምንም ሳይቆጥር ሲያልፍ ጎን ለጎን የሄደ ቡችላ ብዙ ይማራል።

ድምፅን በሚመለከት ከተማችን የራሷ የቀን መቁጠሪያ አላት። የሌሊት ቅዳሴንና የአዛን ድምፅን ከቤት ሆኖ በየቀኑ ስለሚሰማ አብዛኛው ቡችላ በራሱ ይለምደዋል። የሚከብደው በዓመት አንዴ የሚመጣው ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ የጅራፍ ጩኸት ይጀምራል፣ በበዓሉ ልጆች ዱላ ይዘው በር ላይ እየመቱ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ችቦ ይበራል፤ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ነጎድጓድና በረዶ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። የጅራፍና የነጎድጓድ ድምፅ በስልክ ቀርጸው፣ ከበዓሉ ወራት አስቀድመው፣ በጭንቅ በሚሰማ ዝቅታ እያሰሙት ይመግቡት፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርጉት ጆሮውን ብቻ አንቀሳቅሶ መብላቱን ሲቀጥል ነው። በቡሄ ዕለት ግን ልምምድ የለም። መስኮት ተዘግቶ፣ ሬዲዮ ተከፍቶ፣ ከበሩ ርቆ ባለ ክፍል ውስጥ ይሁን። ወደ እርስዎ ተጠግቶ ቢሸጎጥ ያስጠጉት፤ «ካባበልከው ፍርሃቱ ይብሳል» የሚባለው እውነት አይደለም።

ሌሊት የሚጮህ ከሆነና ጎረቤት ካማረረ በረንዳ ላይ ከማሰር ይልቅ ውስጥ፣ እርስዎ አጠገብ ያሳድሩት። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ውሻ ለጥበቃ ይመቻል የሚለው የቆየ ልማድ በፈሪ ቡችላ ላይ ሲሠራበት የሚያወጣው ተናካሽ ነው።

ቡችላው ቢያጉረመርም አይምቱት፣ አይጩኹበትም፤ ርቀቱን ይጨምሩ። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ስለሆነ በዱላ የተከለከለ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ከ6 ወር በኋላ ወደ ጉርምስና ሲገባ የለመደውን ነገር ዳግም የሚፈራበት ወቅት ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ርቀቱን ወደ ቀድሞው መልሰው ሥራውን ይቀጥሉ እንጂ ከመጀመሪያው ከሸፈ ብለው አይደምድሙ። የዚህ ዓይነት ቡችላ ምናልባት መቼም የመርካቶን ግፊያ አይወድ ይሆናል፤ በሰፈርዎ መንገድ ጅራቱን አውጥቶ መሄድ መቻሉ ግን የሚደረስበት ግብ ነው።

በየቀኑ ከሠሩ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ምንም ለውጥ ካላዩ፣ ወይም ቡችላው ቤት ውስጥ እንኳ የማይበላና የማይተኛ ከሆነ፣ በሐኪም የሚታዘዝና ፍርሃቱን ራሱን የሚቀንስ መድኃኒት ከልምምዱ ጋር ሊረዳው ይችላል። የሰው የእንቅልፍ መድኃኒት በግምት አይስጡት፤ አካልን ብቻ የሚያደነዝዝ ማረጋጊያም ፍርሃቱን ሳያነሳ መንቀሳቀሱን ብቻ ይከለክለዋል። ወደ ክሊኒክ ሲመጡ ከቤት በር እስከ ግቢው በር ያለውን ጉዞ በስልክ ቀርጸው ይምጡ፤ ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ ያለ ቡችላ ሁሉ ስለሚፈራ፣ ሐኪሙ የሚያስፈልገውን ነገር የሚያገኘው ከዚያ ቪዲዮ ነው።